በስም ቦታ የተጻፈ

ሰዓዳ እንድሪስን ምጥ የያዛት በ2071 ዓ.ም. መጋቢት ወር፣ አንድ ሐሙስ ከምሳ በኋላ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነበር። ቦርከና ማዶ በሚባለው አዲስ ከተማ፣ የቲማቲም ችግኝ በሚፈላባቸው የመስታወት ቤቶች ውስጥ የሚያፈስ የውኃ ቱቦ እየፈለገች ትጠግናለች። ባሏ ኑሩ የከተማዋን የፀሐይ ኃይል ሰሌዳዎች ከሚያጥቡት ሠራተኞች አንዱ ነው። የሚወለደው ሁለተኛ ልጃቸው ነበር።

በዚያን ጊዜ የቦርከና ማዶ ሰው ኑሮ እንዲህ ነበር። ሰዓዳ ጠዋት ከቤት ስትወጣ ስልኳን በሩ ላይ ወዳለው ገጽ፣ መረጃ ወደሚቀበለውና ወደሚያስተላልፈው ሰሌዳ፣ ታስጠጋለች። በሩ ጥቅሏን ለአውቶቡሱ ገጽ ያስተላልፋል። ጥቅል የሚባለው ስለ አንድ ሰው የሚታወቀውን ሁሉ የያዘው መዝገብ ነው፤ ስሙን፣ ዕድሜውን፣ ጤናውን፣ ሥራውን፣ የቤተሰቡን ሁኔታ። አውቶቡሱ «ተረክቤያለሁ» ይልና በሩን ይከፍትላታል። ከዚያ እሱ በተራው ለመስታወት ቤቱ ያስረክባታል። ማታ ደግሞ በመጣችበት መንገድ ትመለሳለች። «ተረክቤያለሁ» የሚለውን ድምፅ ሳይሰማ የተራመደ ሰው ቀጥሎ በሚደርስበት ቦታ ማንም አይደለም። ሻይ ቤት ገብቶ ቢቀመጥ እንኳ አስተናጋጇ አጠገቡ አትደርስም፤ ስንት ስኳር እንደሚጨምር የሚነግራት ጥቅል አልደረሳትምና።

በዚህ ምክንያት ሰው ሰውን መጠየቅ ቀስ በቀስ ተወ። በ2060 ጭራሽ በጤና ተቋማትና በመንግሥት ቢሮዎች «የቃል መረጃ» መቀበልን የሚከለክል ደንብ ወጣ። ደንቡን ያወጡት ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ሰው ሲታመም ይረሳል፣ ሲፈራ ይደብቃል፣ ሲያፍር ይዋሻል፤ ጥቅሉ ግን አይረሳም፣ አይደብቅም፣ አይዋሽም ብለው ነው። ስለዚህ ሐኪሙ «የቱ ጋ ነው የሚያምሽ?» አይልም። በሽተኛዋም ዝም ብላ ትተኛለች። ብዙ ሰው እንደ እፎይታ ቆጠረው፤ ሰዓዳም እንደዚያው።

የሰፈሯ ጤና ኬላ አዋላጅ ሲስተር ትርፌ ጓንጉል ግን ይጠይቁ ነበር። የሃምሳ ስምንት ዓመት ሴት ናቸው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲሄዱ ግራ ጉልበታቸውን የሚያነክሱ። ሰዓዳ በአራተኛ ወሯ ለክትትል የሄደች ዕለት በሩን ዘጉ፤ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ገጽ በፊቱ ደፉት፤ ወንበራቸውንም ወደ እሷ ሳቡ።

«የመጀመሪያ ልጅሽን ስትወልጂ ምን ሆነሽ ነበር?» አሏት።

ሰዓዳ ግራ ገባት። «ጥቅሌ ላይ የለም እንዴ ሲስተር?»

«እሱን ተይው። አንቺ ንገሪኝ።»

ሰዓዳ መናገር ስትጀምር ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። ከስድስት ዓመት በፊት በሌላ ከተማ ስትወልድ ደም ፈሷት ነበር። ደም ሰጧት። ከዚያ መንቀጥቀጥ ጀመራት፤ ወገቧን ቆረጣት፤ ሽንቷ እንደ ሻይ ጠቆረ። ሦስት ቀን ራሷን አታውቅም ነበር። ሲሻላት ወደ ቤቷ መለሷት፤ ምን እንደነካት የነገራት ሰው አልነበረም፤ እሷም አልጠየቀችም።

ሲስተር ትርፌ በጥሞና አዳመጧት። ከዚያ ደሟን ቀድተው ወደ ምርመራ ላኩ። ውጤቱ የመጣው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ሰዓዳ ደም ውስጥ፣ ዓይነቱ ከደሟ ጋር አንድ ቢሆንም እንኳ ከሌላ ሰው የመጣን ደም እያጠቃ የሚያፈርስ ነገር ነበር። የሚስማማት ደም ያላቸው ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ ከእነሱ የተቀዳ ሁለት ከረጢት ብቻ በትልቁ ሆስፒታል ማቀዝቀዣ ውስጥ መኖሩም ታወቀ። ሲስተር ትርፌ ይህንን ጥቅሏ ውስጥ «ልዩ ማስታወሻ» አድርገው በጥንቃቄ መዘገቡት። ከመዘገቡ በኋላ ግን ፊታቸው አልተፈታም።

«አየሽ፣» አሏት፣ «እያንዳንዱ ገጽ የሚያውቀው ጠብቅ የተባለውን ነገር ብቻ ነው። ስም ጠብቅ ተብሏል፤ ስም ሲመጣ ይቀበላል። የደም ዓይነት ጠብቅ ተብሏል፤ ይቀበላል። እኔ ራሴ የፈጠርኩትን ማስታወሻ ግን የእኔ ገጽ እንጂ የሆስፒታሉ ገጽ አያውቀውም። የማያውቀውን ነገር ሲያገኝ ምን እንደሚያደርግ ታውቂያለሽ?»

«ይመልሰዋል?»

«ቢመልሰውማ ጥሩ ነበር። ይጥለዋል። ጣልኩም አይልም፤ ተረክቤያለሁ ነው የሚለው። አራት ጊዜ አመልክቻለሁ። አራት ጊዜም ‹ርክክቡ ተሳክቷል› የሚል መልስ መጣልኝ።»

ሰዓዳ ያን ቀን ብዙም አልደነገጠችም። አዋላጇ ትንሽ የሚጨነቁ ሴት ናቸው ብላ ወደ ቤቷ ሄደች።

ያ ሐሙስ መጣ። ሰዓዳ ጤና ኬላው እንደደረሰች ሕፃኑ ገና ሳይወርድ ደም ይፈሳት ጀመር። ሲስተር ትርፌ አንድ ጊዜ ዳሰሷትና አምቡላንስ ጠሩ። አምቡላንሱ ሾፌር የለውም፤ ጥቅሉ ካልተላለፈለት ደግሞ አይንቀሳቀስም። ሲስተር ትርፌ ገጹ ፊት ቆመው ጣታቸው ለአፍታ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ በፍጥነት መጻፍ ጀመሩ። የሰዓዳን ራስ ደግፎ የቆመው ኑሩ የሚጽፉትን አየ።

«ሲስተር! ስሟን ምን እያደረጉት ነው?»

«ስም የማይቀበል ገጽ የለም» አሉ፣ መጻፋቸውን ሳያቆሙ። «ሦስት ቦታ አለኝ፤ የራስ፣ የአባት፣ የአያት። ሰዓዳ የሚለውን አልነካሁትም።»

ሲጨርሱ አንድ ወረቀት ቀደዱና በእስክሪብቶ ሞሉት፤ አጥፈውም ለኑሩ ሰጡት። «ይህን ከእጅህ እንዳታወጣ። አንተን ብለው እስኪመጡ ከዚያ ኮሪደር ንቅንቅ እንዳትል። ሽንት ቤት እንኳ እንዳትሄድ፤ ሰማኸኝ?»

«ማን ነው የሚመጣው?»

«እኔም አላውቅም» አሉ ሲስተር ትርፌ። «አብሽር፤ አንድ ሰው ይኖራል።»

የአምቡላንሱ በር ተከፈተ። ድምፁም እንደ ወትሮው ለስላሳ ነበር፦ «ሰዓዳ ደምሳትሰጧት ኑሩንጠይቁት። ተረክቤያለሁ።»

ትልቁ ሆስፒታል አርባ ደቂቃ ይርቃል። እዚያ ሲደርሱ ከኮሪደሩ ወደ ውስጥ የሚያስገባው በር ሰዓዳን ተቀበለ፤ ኑሩን አልተቀበለም። ኑሩ ወረቀቱን ለጥበቃው ዘረጋ። ጥበቃው ትሑት ሰው ነበር፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። «ይቅርታ ወንድሜ፤ የቃል መረጃ አንቀበልም።»

«ይሄ እኮ ወረቀት ነው!»

«ወረቀትም ቃል ነው» አለ ጥበቃው።

ኑሩ ኮሪደሩ ውስጥ ቆመ። ጥቅሉ ከአንዱ ክፍል ገጽ ወደሚቀጥለው በተሻገረ ቁጥር የድምፅ ማጉያው ይጠራታል። «ሰዓዳ ደምሳትሰጧት ኑሩንጠይቁት፣ ድንገተኛ ክፍል። ተረክቤያለሁ።» አግዳሚው ላይ ከተቀመጡት አንዷ ልጅ እየሳቀች «ምን ዓይነት ስም ነው በናታችሁ!» አለች። «ሰዓዳ ደምሳትሰጧት ኑሩንጠይቁት፣ ማዋለጃ። ተረክቤያለሁ።» ስሟ በተጠራ ቁጥር ኑሩ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ «እኔ ነኝ! ኑሩ እኔ ነኝ!» ይላል። የሚመልስለት አልነበረም። ሰዎቹ ዞር ብለው አዩት፤ ከዚያ እያፈሩለት ወደ ስልካቸው ተመለሱ። «ቀዶ ጥገና። ተረክቤያለሁ።» «ደም ክፍል። ተረክቤያለሁ።» አራት ጊዜ ተጠራ፤ አራት ጊዜ ጮኸ። ድምፁ ሻከረ።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሕፃኗ በቀዶ ጥገና ወጣች፤ ደህና ነበረች። እናትየው ግን ደሟ አልቆም አለ። ሐኪሙ ደም አዘዘ። የደም ክፍሉ ገጽ የሰዓዳን የደም ዓይነት አነበበ፣ ከከረጢቱ ጋር አመሳከረ፣ አረንጓዴ አበራ። ሲስተር ትርፌ የጻፉት ልዩ ማስታወሻ እዚያ አልደረሰም ነበር፤ የወደቀው ገና ከጤና ኬላው እንደወጣ ነው። ከረጢቱን ይዛ የመጣችው ተናኘ የምትባል ሠራተኛ ናት። በደም ክፍሉ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች።

ከድሮ የተረፈ አንድ ሥርዓት ነበር። ደም ከመንጠልጠሉ በፊት የበሽተኛው ሙሉ ስም ጮክ ተብሎ ሁለት ጊዜ ይነበባል፤ አንድ ጊዜ ከከረጢቱ ላይ፣ አንድ ጊዜ ከእጅ አምባሩ። ለምን እንደሚደረግ የሚያውቅ አልነበረም፤ የሚሽረው ስላልተገኘ ነው የቆየው። ተናኘ የመጀመሪያውን ሁሌም እንደምታደርገው አጉተመተመችው። ሁለተኛውን ከሰዓዳ አንጓ ላይ ማንበብ ጀመረች። «ሰዓዳ... ደም ሳት...» አለችና አምባሩን አዙራ አየችው።

«ምን ሆንሽ ተናኘ? ቶሎ በይ እንጂ!» አለ ሐኪሙ።

«ዶክተር፣ ይሄ ስም አይደለም።»

«ገጹ አረንጓዴ ነው እኮ!»

«አረንጓዴ ነው። ግን ስም አይደለም፤ ሰው እያናገረን ነው። ደም ሳትሰጧት ኑሩን ጠይቁት ይላል።» ከረጢቱን አስቀመጠችው። «ኑሩ ማነው?»

ማንም አላወቀም። ተናኘ ሁለቱን በሮች በትከሻዋ ገፍታ ወጣች። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ በዚያ ኮሪደር የሰው ስም በአፏ ጠርታ አታውቅም። «ኑሩ!» ብላ ጮኸች። «ኑሩ የሚባል ሰው አለ?»

ኑሩ ያን ጊዜ ድምፁ ተዘግቶ ነበር፤ መመለስ አልቻለም። እጁን ብቻ አነሳ። ወረቀቱ በላብ ርሶ ሊቀደድ ደርሷል፤ ጽሑፉ ግን ይነበብ ነበር፦ «ከስድስት ዓመት በፊት የተሰጣትን ደም ሰውነቷ አፍርሶታል። ይህንኑ ብትደግሟት አትተርፍም። የሚስማማት ደም እናንተው ጋ ነው፤ ማቀዝቀዣችሁ ውስጥ ሁለት ከረጢት ታሽጎ ተቀምጧል። ስለ አላህ ስለ ማርያም ብላችሁ እሱን ፈልጉ።» ከሥሩ የከረጢቶቹ ቁጥርና የትርፌ ፊርማ ነበረበት።

ሁለቱ ከረጢቶች ተገኙ። በረዶ የሆነው ደም እስኪሟሟ፣ ታጥቦ እስኪዘጋጅ ረጅም ጊዜ ወሰደ። ያን ጊዜ ሁሉ ሐኪሙ የሚደማውን ቦታ በእጁ ጨምቆ ይዞ ቆመ፤ ሲደክመው ረዳቱ ተካው፤ ከዚያ እንደገና እሱ። ሰዓዳ ተረፈች።

በማግስቱ ስትነቃ ኑሩ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ ነበር፤ ሕፃኗ ደረቱ ላይ ተኝታለች። የሆነውን በሻከረ ድምፅ ቃል በቃል ነገራት። ሰዓዳ ሰምታ ስትጨርስ ወደ ሕፃኗ ዞረች። «እኔ ደግሞ ሴትዮዋ ይጨነቃሉ ብዬ ትቻቸው ነበር» አለች። ሕፃኗን ሹክሪያ አሏት፤ ምስጋና ማለት ነው።

ሥራ ስትመለስ አውቶቡሱ «እንደምን አደርሽ፣ ሰዓዳ ደምሳትሰጧት» አላት። ጓደኞቿም ይህንኑ ይዘው «ደምሳትሰጧት፣ ቁልፉን አቀብይኝ!» እያሉ ይቀልዱባት ጀመር። ስሟን ለማስተካከል ማመልከት ትችል ነበር፤ አልቸኮለችም። ያ ስም በተጠራ ቁጥር አንድ ነገር ደረቷን ሞቅ ያደርጋታል። አልሐምዱሊላህ ትልና ሥራዋን ትቀጥላለች።

ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ወር ግን ሲስተር ትርፌ የማንነት መረጃ በማዛባት መከሰሳቸውን ሰማች። ጉዳዩ የሚታየው በዲሲፕሊን ጉባኤ ነው፤ ሦስት ሰዎች፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ አንድ ገጽ። ሰዓዳ ከኑሩና ከተናኘ ጋር ሄደች። ሰብሳቢው መነጽሩን እያስተካከለ፣ የቃል ምስክርነት እንደማይቀበሉ አስረዳ። ለመዝገቡ ብቻ እያንዳንዱ ታዳሚ ሙሉ ስሙን እንዲናገር ጠየቀ።

ተራዋ ሲደርስ ሰዓዳ ሕፃኗን እንዳቀፈች ተነሳች። «ሰዓዳ ደም ሳትሰጧት ኑሩን ጠይቁት» አለች፣ ቃሉን እየለያየች።

ሦስቱም ከገጹ ቀና አሉ።

«የተዛባው መረጃ ይሄው ነው» አለ ሰብሳቢው።

«አይደለም ጌታዬ። የዚያን ቀን ከጥቅሌ ውስጥ በትክክል የደረሰው እሱ ብቻ ነው።»

ሰብሳቢው የቃል መረጃ ነው ብሎ ሊያስቆማት አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ተወው። ሰዓዳም ቆማ እስከ መጨረሻው ተናገረች። ቀጥላ ተናኘ ተናገረች። ማንም አላቋረጣቸውም።

ውሳኔው ከሰዓት በኋላ ተነበበ። ሲስተር ትርፌ ደንብ ጥሰዋልና ለስድስት ወር ከሥራ ይታገዳሉ። ሆኖም ከዛሬ ጀምሮ ማንኛውም የጤና ተቋም ገጽ የማያውቀው ነገር ሲደርሰው በዝምታ መጣል የለበትም፤ ርክክቡን አቁሞ ሰው መጥራት አለበት። ሲስተር ትርፌ የመጀመሪያውን ሲሰሙ ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ። ሁለተኛውን ሲሰሙ ግን ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ።

ሰዓዳ ልታመሰግናቸው ፈለገች። መተግበሪያው ውስጥ አራት ዓይነት የተዘጋጀ ምስጋና አለ። አንዱን መረጠች፣ ሰረዘችው፤ ሌላ መረጠች፣ እሱንም ሰረዘች። በመጨረሻ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሹክሪያን አዝላ ቤታቸው ሄደች። ሲስተር ትርፌ ጓሯቸው ውስጥ ምንጣፍ እያጠቡ ነበር። ሰዓዳ በሩ ላይ ቆመች፤ መንገድ ላይ ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ጠፋት።

«ሲስተር... እንዴት እንደምል አላውቅም።»

«ምኑን?»

«ማመስገን። በአፌ አመስግኜ አላውቅም።»

ሲስተር ትርፌ ሳቁ፤ እርጥብ እጃቸውን ቀሚሳቸው ላይ ጠረጉ። «ያልሽው እሱው ነው። ነይ ግቢ፤ ልጅቷን ፀሐይ አታስመቻት።»

ከተቀመጡ በኋላ ሰዓዳ አንድ ነገር ጠየቀች። «በሁለት ደቂቃ ውስጥ ስሜን መቀየር እንዴት መጣልዎት?»

«በሁለት ደቂቃ አይደለም የመጣልኝ፤ በሦስት ዓመት ነው» አሉ አዋላጇ። «ረሕመት የምትባል ልጅ ነበረች። ሃያ አራት ዓመቷ። የእሷ ችግር ማደንዘዣ ነበር፤ አንድ ዓይነት ማደንዘዣ አይስማማትም። ማስታወሻዋን አሳምሬ ሞልቼ ላክኋት። ተረክቤያለሁ አለኝ። ጥሩ ሥራ ሠራሁ ብዬ ራት በላሁ። እሷ በዚያው ሰዓት ሞታ ነበር። ከዚያ በኋላ በየቀኑ አስብ ነበር፤ ሳይወድቅ የሚያልፍ ነገር ምንድን ነው እያልኩ። ስም ብቻ ነው። አንቺ ስትመጪ ዝግጁ ነበርኩ።»

ሰዓዳ ሕፃኗን ወደ ደረቷ አስጠጋች። «እናቷ ያውቃሉ?»

«ጥቅሏ ላይ ‹ተጠናቋል› ነው የሚለው። ሌላ ምንም የለም። እኔም ሄጄ አልነገርኳቸውም። ፈራሁ።»

«እንሂድ» አለች ሰዓዳ።

«ዛሬ?»

«አሁን። እኔ አብሬዎት እሄዳለሁ።»

የረሕመት እናት እማማ ዘይነባ ከወንዙ ወዲያ፣ በአሮጌው ሰፈር ይኖራሉ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ዓይናቸው የደከመ ሴት ናቸው። ማንነታቸውን ሲነግሯቸው ብዙም አልተገረሙም፤ ምንጣፍ አነጠፉላቸው። ሲስተር ትርፌ ጫማቸውን አውልቀው ተቀመጡና ሁሉንም ነገሯቸው። ማስታወሻው እንዴት እንደተጻፈ፣ የት እንደወደቀ፣ ለምን እስከ ዛሬ እንዳልመጡ። ራሳቸውን ለመከላከል አንዲት ቃል አልጨመሩም።

እማማ ዘይነባ ጣታቸውን እያፍተለተሉ አዳመጡ።

«ስትሄድ ምን አለች?» አሉ በመጨረሻ።

ሲስተር ትርፌ በሦስት ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቃቸው አልነበረም። «አምቡላንሱ ውስጥ ሳስገባት ‹ሲስተር፣ ጫማዬን እንዳትጥሉብኝ› አለችኝ።»

የአሮጊቷ ፊት ተለወጠ፤ ለቅሶም ሳቅም ነበረበት። «አረንጓዴው! ለዒድ የገዛሁላት ነው። ከእግሯ አታወልቀውም ነበር።» እንባቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉ። «ሦስት ዓመት ሙሉ የሚነግረኝ ሰው ስፈልግ ነበር። በየቢሮው ሄድኩ። ሁሉም ገጹን ያዩና ተጠናቋል ይሉኛል። ምኑ ነው የተጠናቀቀው? አላህ ይስጥሽ ትርፌ። ዘግይተሽም ቢሆን መጣሽልኝ።»

ሲስተር ትርፌ ጎንበስ ብለው የአሮጊቷን እጅ ሳሙ።

«እማማ፣» አለች ሰዓዳ፣ «እኔ የተረፍኩት በረሕመት ነው። እሷ ባትኖር ሲስተር እኔን እንዴት እንደሚያድኑ አያውቁም ነበር። ይቺ ልጅም እናት አይኖራትም ነበር። ላመሰግንዎት ነው የመጣሁት።»

እማማ ዘይነባ እጃቸውን ዘረጉ። ሰዓዳ ሹክሪያን ጭናቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። አሮጊቷ የሕፃኗን ጭንቅላት፣ ጆሮ፣ ትንንሽ ጣቶች አንድ በአንድ ዳሰሱ።

«እንግዲያው ዛሬ አትቸኩሉብኝ» አሉ። «ምሳ እዚሁ ትበላላችሁ። አሁን ከመጀመሪያው ንገሪኝ ትርፌ። ያን ቀን ጠዋት ልጄ ስትመጣ ምን ለብሳ እንደነበር ጀምሪ።»

ሲስተር ትርፌ ጠጋ ብለው ጉልበታቸውን አመቻቹና መናገር ጀመሩ።